ከወንበሩ ሥር ያለችው እምብርት፦ የዕቃዎቻችንን በር ማን ያበጃል?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲጀመር የፋብሪካ ሰዎች ወሬ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ስለ መሬት፣ ስለ ክብርና ስለ ውጭ ምንዛሪ የምንከራከርበት ነገር ሁሉ ውስጡ አለ።

ቤታችሁ የፕላስቲክ ወንበር ካለ ገልብጡት። ከመቀመጫው ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ አካባቢ፣ ተቆርጣ የቀረች ትንሽ ነጥብ ታገኛላችሁ። ባልዲውንም ገልብጡት፤ ሥሩ ላይ አለች። የውኃ «ሃይላንዱን» ብትገለብጡት እዚያም አለች። ልክ እንደ ሰው እምብርት ናት። ሰው በእናቱ ማኅፀን ሳለ በየት በኩል ይመገብ እንደነበር እምብርቱ ይናገራል፤ ይህችም ነጥብ የቀለጠው ፕላስቲክ በየት በኩል እንደገባ ትናገራለች። የሙያው ሰዎች «ጌት» ይሏታል፤ በር ማለት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የዕቃዎቻችንን በር ማን ያበጃል? እኛ ያልሆንነውስ ለምንድን ነው? መልሱን ከአዲስ አበባ ይልቅ ጋሞ ዞን ላይ ብንፈልገው ይሻላል። በጋሞ ደጋ ጭቃና ብረት መቅረጽ የሚያውቁ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ከደጋው ሥር ደግሞ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥባት አርባ ምንጭ ከተማ አለች። ከጨንቻ አርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ዕውቀቶች ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተገናኙም።

◆ በሯ ምን ትወስናለች?

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቀ ፕላስቲክ ወደ ጋለ በርሜል ይገባል። በርሜሉ ውስጥ የሚሽከረከር ብሎን መሰል ዘንግ እያቀለጠ ወደፊት ይገፋዋል። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሞቀው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት «ሞልድ» ወደሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ይገባል። ሞልዱ ተከፍቶ የሚዘጋ ብረት ሲሆን መሐሉ የዕቃውን ቅርጽ የያዘ ባዶ ቦታ አለው። የቀለጠው ፕላስቲክ ወደዚያ ባዶ ቦታ የሚገባባት የመጨረሻዋ ጠባብ ቀዳዳ በሯ ናት። ስፋቷ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው፤ ለትንንሽ ዕቃ አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላም አለች።

ይህች ጠባብ ቀዳዳ ሦስት ትልልቅ ነገሮችን ትወስናለች።

አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ሞልቶ መድረሱን። በሯ ከመጠን በላይ ከጠበበች ፕላስቲኩ በግፊት ሲያልፍባት ይቃጠላል፣ ወይም ጫፍ ሳይደርስ ይበርዳል። ዕቃው ጎደሎ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ መቼ እንደሚዘጋ። ፕላስቲክ ሲበርድ ይኮማተራል። ስለዚህ ማሽኑ ሞልዱን ከሞላ በኋላም መግፋቱን አያቆምም፤ የጎደለውን እየተካ ይቆያል። ይህ የሚቻለው በሯ ላይ ያለው ፕላስቲክ እስኪጠነክር ድረስ ብቻ ነው። በሯ ቀድማ ከተዘጋች የዕቃው ወፍራም ክፍል ይሰረጉዳል። ዘግይታ ከተዘጋች ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ እያንዳንዷ ሰከንድ በሺዎች በሚቆጠር ዕቃ ሲባዛ ትርፉን ትበላለች።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው ነገር ዕቃው የት ላይ እንደሚሰበር ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ ቀዳዳ ወይም ክፍተት ሲያጋጥመው እንደ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ይዞራል፤ ከወዲያ ማዶ እንደገና ይገናኛል። ሲገናኝ ግን የሁለቱም ግንባር መብረድ ጀምሯል። በደንብ አይዋሐድም። እዚያ ቦታ ላይ በዓይን የምትታይ ወይም የማትታይ ስፌት ትቀራለች። ጥሩ ባለሙያ ስፌቷን አያጠፋትም፤ የበሯን ቦታ በመለወጥ ክብደት ወደማያርፍበት ቦታ ይወስዳታል። መጥፎ ባለሙያ ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ይተዋታል።

በሠርግ ወይም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የወንበር እግር ሲከዳን «የቻይና ዕቃ!» ብለን እናልፋለን። ከዚያ ስብራት ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ውሳኔ አለ። የፕላስቲኩ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ የበሯ ቦታ፣ ሁሉም ተመርጠው ነው የተሠሩት። የመረጠው ሰው ግን በድንኳናችን ተቀምጦ አያውቅም።

◆ ከቢሊያርድ ኳስ እስከ ኮምፒውተር

ይህ ዕውቀት ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት ከወንድሙ ጋር የመጀመሪያውን የፕላስቲክ መርጫ ማሽን ባለቤትነት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ወደ ሥራው የገባው የቢሊያርድ ኳስ የሚሠራበትን የዝሆን ጥርስ የሚተካ ነገር ሲፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ጄምስ ሄንድሪ የሚሽከረከረውን ዘንግ ያለበት ማሽን ሠራ፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች የእሱ ልጆች ናቸው። እኛ ለቅሶና ሠርግ የምንቀመጥበት ከአንድ ቁራጭ የወጣ ወንበር ቅድመ አያቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ የሠራው ወንበር ነው።

በእነዚያ መቶ ዓመታት ውስጥ በሯ የት ትሁን የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በልምድ ነበር። አንድ የሞልድ ሠሪ ሞልዱን ይሠራል፣ ይሞክራል፣ ሲበላሽ ብረቱን እንደገና ይቦረቡራል። ዕውቀቱ በእጁና በዓይኑ ውስጥ ነው፤ ለልጁ ወይም ለለማጁ ያወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 አውስትራሊያዊው ኮሊን ኦስቲን ያቋቋመው ሞልድፍሎው የተባለ ኩባንያ የፕላስቲኩን ፍሰት ብረቱ ሳይቆረጥ በኮምፒውተር ማስላት አስቻለ። ሆኖም ኮምፒውተሩ የእጅ ባለሙያውን አልተካውም፤ ረዳት ሆነው። ዛሬም በቻይና ዤጂያንግ ክፍለ ሀገር «የሞልድ አገር» ተብሎ የሚጠራው ኹዋንግያን የተሰኘ አካባቢ የቆመው እንዲህ ዓይነት ወርክሾፖች ጎን ለጎን በመደርደራቸው ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የትም አገር ብትሄዱ የሞልድ ሥራ ከቀጥቃጭ፣ ከአንጥረኛ፣ ከመሣሪያ ሠሪ ቤት ነው የወጣው። ቀጥቃጩን ያከበረ አገር ሞልድ ሠሪ አገኘ። ቀጥቃጩን የናቀ አገርስ?

◆ በሩን እናውቀው ነበር

የአገራችን አንጥረኞች የመስቀል ቅርጽ የሚያወጡበት ጥንታዊ ዘዴ አለ። መስቀሉ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። ጭቃው ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በቦታው የቀለጠ መዳብ ወይም ነሐስ ይገባል። ብረቱ የሚገባበት መንገድ ከሰሙ ጋር አብሮ የሚሠራ ዘንግ ነው። ያ ዘንግ በር ነው። መንገዱ ከጠበበ ብረቱ ጫፍ ሳይደርስ ይጠነክራል። ከበዛ ደግሞ ተቆርጦ የሚሞረደው ይበዛል። ጥያቄው ያው የፕላስቲኩ ጥያቄ ነው፤ የእኛም ሰዎች ለዘመናት መልሰውታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያስቀልጡ ያስጨነቃቸውም ይኸው ነበር፤ የቀለጠ ብረት ሳይበርድና ሳይጎድል እንዴት ወደ ቅርጹ ይግባ? ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሳክቶ መቅደላ ደረሰ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ግን ጋፋት ላይ ይሠሩ የነበሩት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ወርክሾፑም አበቃ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ዕውቀቱ በጥቂት እንግዶች እጅ ስለነበር ከእነሱ ጋር ሄደ።

ዕውቀቱ ለምን ወደ አገሬው ቀጥቃጭ አልወረደም? እዚህ ላይ ነው ወደ ጋሞ የምንመጣው።

◆ ጭቃ የሚያውቁ፣ መሬት የሌላቸው

በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የሚሠሩት በእጃቸው፣ ያለ መሽከርከሪያ ነው። ጥሩ ሸክላ ሠሪ የምታውቀውን ነገር አንድ የፕላስቲክ መሐንዲስ ቢሰማ ይገርመው ነበር። የማሰሮው ግድግዳ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ ሲደርቅ እኩል አይኮማተርም፤ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ዕቃ ሲበርድ ይጣመማል። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ይቀየጣል፣ ስንት ቀን ይደርቃል፣ እሳቱ መቼ ይበርታ? ይህ ሁሉ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረ የቁስ ሳይንስ ነው።

ለዚህ ዕውቀት የተከፈላቸው ግን ንቀት ነው። የጋሞ ማኅበረሰብ በብዙ «ደሬዎች» የተከፈለ ነው፤ ልማዱም ከደሬ ደሬ ይለያያል። በጥቅሉ ግን ሙሉ የማኅበረሰብ አባል የሚባሉት «ማላ» ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና»፣ ቀጥቃጮቹና ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ» ተባሉ። ስሞቹን የማነሣው ለታሪክ እንጂ ለስድብ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በልማዱ የእርሻ መሬት ባለቤት አይሆኑም፣ ከማላ ጋር አይጋቡም፣ በደሬው ጉባኤ ቃላቸው አይሰማም ነበር። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ ጎመን የሚቀቅልበትን ድስት የሚሠሩለት ግን እነሱ ነበሩ።

ከእነሱ ጎን ሸማኔውን እንመልከት። በጋሞ ሽመና የማላ ወንዶች ሥራ ነው፤ መሬትና ቃል ካላቸው ሰዎች እጅ ነበር። የዶርዜ ሸማኔ አዲስ አበባ ወጥቶ ሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ አደረገ። በሰሜኑ ሸማኔ ይናቅ ስለነበር ስድብ አላጣውም። አገሩ ሲገባ ግን የሚጠብቀው መሬትና ክብር ነበረው። ስለዚህ ሙያው አድጎ የአገር ስም ሆነ፤ አርባ ምንጭም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ሆነች። ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልወጣም። እንደ እኔ ግምት ልዩነቱን ያመጣው የእጅ ብልሃት ማነስ አይደለም። አንዱ ሙያ ባለቤቱን ይዞት አደገ፣ ሌላው ባለቤቱን ይዞት ወደቀ።

ይህ የጋሞ ብቻ ኃጢአት እንዳይመስላችሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው በሽታው አገር አቀፍ ስለነበር ነው። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነበር። ስድብን በዐዋጅ መከልከል ግን ለቀጥቃጩ መሬት፣ ትምህርት ቤትና ካፒታል አልሰጠውም። የየካቲት 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ደግሞ በሕግ ደረጃ የመሬት ደጃፉን ከፈተ። ጋብቻውና ማኅበራዊ ርቀቱ ግን በዐዋጅ አልተሻረም።

◆ ፕላስቲክ ሲደርስ

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። እንስራውን ቢጫው ጀሪካን ተካው፤ ሴት ልጅ ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ጀርባዋ ላይ የሚከብዳት ሸክላ ቀለለላት። (ጀሪካን በአየር ተነፍቶ የሚሠራ ነው፤ ክዳኑ ነው በበር የሚገባው።) ገንቦውን ባልዲ፣ ጋኑን በርሜል፣ ገበቴውን ሳፋ ተካው። ማንም እናት ወደ ከባዱ እንስራ ተመለሺ ሊላት አይገባም። ሸክላ የቀረው እሳት ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ምድጃ ላይ አይወጣምና።

የፕላስቲክ ጫማ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። በጋሞና በወላይታ ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ እያበጠ የሚሄድበት በሽታ አለ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር በሽታው ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በመላ አገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ በሽታ እንደተያዘ ገምቷል። መከላከያው እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው።

ድሃው ገበሬ አቅሙ የሚደርሰው ጫማ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የወጣው ነው፤ «ኮንጎ» የምንለው ዓይነት። ክፍት ጫማ ሙሉ መከላከያ ባይሆንም ከባዶ እግር ይሻላል። አሁን ስለ ስፌቷ ያልኩትን አስታውሱ። በጫማው ማሰሪያ ላይ ሁለቱ የፕላስቲክ ፍሰቶች በሚታጠፈው ቦታ ከተገናኙ ማሰሪያው እዚያው ይበጠሳል። ሌላ ጫማ መግዣ የሌለው ገበሬ በባዶ እግሩ ወደ ቀዩ አፈር ይመለሳል። የበሯን ቦታ የመረጠው ሰው የጋሞን ቁልቁለትና ጭቃ ቢያውቅ ኖሮ ማሰሪያውን አወፍሮ፣ ስፌቷን ከመታጠፊያው ያርቃት ነበር። አንዲት የሚሊ ሜትር ቀዳዳ የጤና ጉዳይ የምትሆነው እንዲህ ነው።

ሃይላንዱስ? ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ በመኪና የተጓዘ ሰው የሕፃናቱን ጩኸት ያውቀዋል፤ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የአንድ የታሸገ ውኃ ስም የነበረው ቃል የጠርሙሱ ሁሉ ስም ሆነ። ልጆቹ ባዶውን የሚፈልጉት ውኃ፣ ወተት፣ ዘይት ይያዝበታል፤ ይሸጣልም። እኛ ቆሻሻ ያልነውን እነሱ ዕቃ ብለውታል። ጠርሙሱ መጀመሪያ በበር በገባ ፕላስቲክ እንደ ሙከራ ቱቦ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ተሙቆ በአየር ይነፋል። ሥሩ ላይ ያለችው እምብርት የዚያ ነች። ስሟ አርባ ምንጮች በሆነ ከተማ ዙሪያ ልጆች ውኃ መያዣ ከመንገደኛ ሲለምኑ ማየት ለእኔ ከየትኛውም የኢኮኖሚ ሪፖርት በላይ ይናገራል።

◆ ከላይ ወደታች ሞክረነዋል

ዛሬ አገር ውስጥ ወንበር፣ ባልዲ፣ ጫማ፣ ጠርሙስ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው፣ ማሽኑ ከውጭ ነው፣ ሞልዱም በአብዛኛው ከውጭ ነው። የእኛ ድርሻ ቁልፉን መጫን፣ ዕቃውን ማውጣት፣ የበሯን ትርፍ በምላጭ መቁረጥ ሆኗል። እምብርቱን የምንቆርጠው እኛ፣ የተጸነሰው ሌላ አገር።

መንግሥት አልሞከረም ማለት አይቻልም። በደርግ ጊዜ የአቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካ የተቋቋመው መለዋወጫና መሣሪያ እዚሁ ለመሥራት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሲቋቋም የአቃቂውንም፣ ኢትዮ ፕላስቲክንም ከሌሎች ጋር አንድ ጥላ ሥር አደረጋቸው፤ «ማሽን የሚሠራ ማሽን እንሠራለን» የሚል መንፈስ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አመራሮቹ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ያየነውን አየን። ስለ ሙስናው ብዙ ተብሏል። እኔ የማክለው አንድ ነገር ነው። ያለ ሙስናም ቢሆን ሙያ በትእዛዝ ከላይ ወደታች አይወርድም። ኹዋንግያንም ሆነ ሌላው አገር የሞልድ ሠሪ ያገኘው ከወርክሾፕ፣ ከጥገና፣ ከለማጅ ተነሥቶ ነው።

◆ ታዲያ ከየት እንጀምር?

«ቻይና በርካሽ ሞልድ እየሸጠችልን ለምን እንደክማለን?» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ትልቁን ሞልድ ነገ ከነገ ወዲያ እኛ እንሠራዋለን ብዬ አላታልላችሁም። በሯ ግን በሥራ ብዛት ትቦረቦራለች፣ ትሰፋለች፣ ትሰነጠቃለች። ያኔ ሞልዱ ይቆማል፤ ፋብሪካውም ይቆማል። ጥገናውን እዚህ የሚሠራ ከሌለ ዶላር ተፈልጎ ወደ ውጭ ይላካል ወይም የተበላሸው ዕቃ እንደተበላሸ ይሸጥልናል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የሞልድ ጥገና ነው። የተበላሸ በር የሚጠግን ሰው ለምን እንደተበላሸ ያውቃል። ለምን እንደተበላሸ ያወቀ የተሻለውን ያበጃል። የተሻለውን ያበጀ ደግሞ አንድ ቀን አዲሱን ሞልድ ይሠራል።

ለዚህ አርባ ምንጭ ምን አላት? በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም አለ። ተፈላጊው ነገር የፍሰት ስሌት የሚማር ተማሪና ብረት የሚቆርጥ ቴክኒሺያን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት አንድ የጥገና ወርክሾፕ ነው። ደንበኛው ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም ይመጣል።

ሦስተኛ ወንበር ግን ይጨመር። ከደጋው የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጆች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው ይግቡ። የምጠይቀው ለችሮታ አይደለም። ቁስ ሲሞቅና ሲበርድ ምን እንደሚሆን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ሲዳስሱ ያደጉ እነሱ ስለሆኑ ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል፤ እኛ ደግሞ መዳብ አንጣሪውንም አብረን ቆጠርነው።

በ1900 ዓ.ም. የተነገረው ዐዋጅ ባለሙያን አትስደቡ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ስድቡን ብንቀንስም የባለሙያውን ልጅ ወደ ወርክሾፑ አላስገባነውም። አንድ የጋሞ ቀጥቃጭ ልጅ የበሯን ቦታ ስቦ «ከዚህ ቢገባ ማሰሪያው አይበጠስም» ብሎ የሚከራከርበት ቀን ሲመጣ ዐዋጁ ያን ቀን ተፈጸመ እላለሁ። እስከዚያ የሌሎች ሰዎችን እምብርት በምላጭ መቁረጣችንን እንቀጥላለን።

በዚህ ሙያ የምትሠሩ፣ ሞልድ የምትጠግኑ፣ ወይም አርባ ምንጭ የምታስተምሩ ካላችሁ የምትሉትን መስማት እፈልጋለሁ። ላልደረሳቸው አድርሱልን።